ከዘራው በየትኛው እጅ?

የጉልበት መገጣጠሚያ ክፉኛ ሲጎዳ ሰው በኪኒንና በቀዶ ሕክምና መካከል ብቻ የቆመ ይመስለዋል። በመሃል ያለው መንገድ ግን ሰፊ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነው። በአዲስ አበባ የአንድ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል። አግዳሚ ወንበሮቹን ቀድመው የያዙት አብዛኞቹ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ናቸው። ከጎናቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቆሟል፤ ጭናቸው ላይ የራጅ ፊልም የያዘ ትልቅ ፖስታ ተቀምጧል። አንዳንዱ ፖስታ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሏል። የወረፋው ወሬ በበርበሬ ዋጋ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ ደረጃ ላይ ያርፋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ቁልፍ የተረከቡ ቀን እልል ያሉ እናት፣ ዛሬ ለቅሶ ቤት ለመድረስ እንኳ ሁለት ጊዜ ያስባሉ። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል ይላሉ፤ አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ስማቸው ሲጠራ አንዲት እናት ለመነሳት ይሰናዳሉ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይንሸራተታሉ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ይተክላሉ፣ "በስመ አብ" ይላሉ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ብድግ። ከተነሱ በኋላም ወዲያው አይራመዱም፤ ጉልበታቸው እስኪፈታ ትንሽ ይቆማሉ። በሩ ላይ ያለው ሐኪም ፖስታውን ገና አልተቀበለም፤ አረማመዳቸውን እያየ ነው። የቀኝ እግራቸው ወደ ውጭ ጎብጧል፣ እርምጃቸው ያጥራል፣ ከዘራቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። ገብተው እንደተቀመጡ የመጀመሪያው ሕክምና ያለ ምንም መሣሪያ ተሰጠ፤ ሐኪሙ ከዘራውን ከቀኝ እጃቸው ወስዶ ግራ እጃቸው ላይ አስያዛቸው።

"እማማ፣ ከዘራ ከሚያምዎት እግር በተቃራኒ ነው የሚያዘው።"

ነገሩ ቀላል ነው። ከዘራው በተቃራኒው እጅ ሆኖ ከታመመው እግር ጋር እኩል መሬት ሲነካ ሸክሙን ይጋራል። በታመመው በኩል ሲያዝ ግን ሰውየው ወደ ሕመሙ እንዲያጋድል ከመርዳት በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በየመንገዱ ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ከዘራውን በተሳሳተ እጅ የያዘው ብዙ ነው።

ራጁ የሚለውና ባለቤቱ የሚለው

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና ሎሚው የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። አጥንቶቹ የሚነካኩበት ጫፍ ነጭና አንሸራታች በሆነ ልም አጥንት ተሸፍኗል፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። ይህ ሽፋን የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ሲጎዳ ራሱን የመጠገን አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። ነርቭም የለውም። ለዓመታት እየሳሳ ሄዶ ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው የሚቆየው ለዚህ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ከሥር ካለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከውስጥ ከሸፈነው ስስ ሥጋ፣ ከጅማቶቹና ከደከሙት ጡንቻዎች ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ስብራት ወይም የጅማት መበጠስ፣ ተንበርክኮና ቁጢጥ ብሎ የሚሠራ ሥራ፣ የቤተሰብ ዝርያ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሴቶች ላይ፣ በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ፣ ይበረታል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ኬልግሬንና ሎውረንስ የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች ጉዳቱን በራጅ እያዩ በደረጃ የሚለዩበትን ዘዴ አወጡ፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። አራተኛው ደረጃ ላይ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሊጠፋ ደርሷል፣ ዳር ዳሩ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል። "አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ ነው" የሚባለው ይሄ ነው።

አነጋገሩ ግን ብዙ ሰው አስፈርቷል። ይህን የሰማ ታካሚ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱን የሚፈጨው ይመስለውና ቤት ይቀመጣል። ሐኪሞቹ ራሳቸው የሚያውቁት ሌላ እውነት አለ፤ ራጁና ሕመሙ ሁልጊዜ አይስማሙም። አራተኛ ደረጃ ፊልም ይዘው ገበያ ወጥተው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ፊልማቸው ብዙም ሳይከፋ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚያጡም አሉ። ስለዚህ "ከባድ" የሚለው ቃል የሚለካው በሁለቱም ነው። በፊልሙ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ማታ መተኛት፣ ደረጃ መውረድ፣ ሽንት ቤት ገብቶ መነሳት አለመቻሉ ሌላ ነው።

ሁሉም የጉልበት ሕመም አንድ አለመሆኑንም በዚሁ ማለፍ ይሻላል። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያው ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈታ የሚለው፣ የሁለት እጆቹ ጣቶች አብረው የሚያብጡበት ሰው ሌላ በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በድንገት ያበጠ፣ የጋለና ትኩሳት ያስከተለ ጉልበት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

> አራተኛ ደረጃ ፊልም ይዘው ገበያ ወጥተው የሚመለሱ ሰዎች አሉ።

ፍል ውሃ፣ ፋርማሲ፣ መርፌ

ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያልሄደበት የለም። ጸበል ተጠምቋል፣ ወጌሻ ታሽቷል፣ ሶደሬና ወንዶ ገነት ወርዷል። ፍል ውሃማ ከዚህች ከተማ ጋር አብሮ የተወለደ ሕክምና ነው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ሳለ መኳንንቱና እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም በዚያው ሰበብ ነው። ሙቀት የደነደነ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመሙን ለሰዓታት ያስታግሳል። ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ክብደቱ ስለሚቀልለት እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ያለቀውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ማሸትም እንደዚያው ነው፤ ለስላሳ ከሆነ ይጠቅማል፣ ጉልበቱን ጠምዝዞ "ወደ ቦታው የሚመልስ" ወጌሻ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ከቦታው የወጣ ነገር የለምና።

ቀጥሎ ፋርማሲ ነው። ዲክሎፌናክን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ሕመም ያስታግሳል፣ እብጠት ይቀንሳል፤ ችግሩ መሥራቱ ነው። የሚሠራ መድኃኒት ስለሆነ ለሳምንት የታዘዘው ለዓመት ይዋጣል። ጨጓራ ያደማል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትና ልብ ይጎዳል። የጉልበት ሕመምተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ የግፊት ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ነው። ሐኪሞች የሚመርጡት በቅባት መልክ የሚቀባውን ዲክሎፌናክ ነው። ጉልበት ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆነ መድኃኒቱ በቀላሉ ይደርስለታል፤ ወደ ደም የሚገባውም በጣም ጥቂት ነው። ከኪኒኑ በፊት ቅባቱን መሞከር የማንም ሰው መብት ነው፤ ግን ቅባት እንደ መድኃኒት የሚቆጥር ታካሚ ማግኘት ይከብዳል። መርፌ ነው የሚጠየቀው።

መርፌው ብዙ ዓይነት ነው። በሰፊው የሚሰጠው ስቴሮይድ ነው። ያበጠና የጋለ ጉልበትን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሦስት ወር ፋታ ይሰጠዋል። ሠርግ ለደረሰባት እናት፣ ጉዞ ለቀረበበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደጋግሞ መወጋት ግን ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ የተወጉ ሰዎችን፣ የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት ጋር አወዳድሮ ነበር። በሕመም ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ልም አጥንታቸው የባሰ የሳሳው ግን ስቴሮይድ የተወጉት ነበሩ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ መርፌው ለቀናት ስኳሩን ከፍ እንደሚያደርግበት ሊነገረው ይገባል። ቀዶ ሕክምና ያሰበም ሰው ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ መወጋት የለበትም፤ ኢንፌክሽን ያመጣል ተብሎ ይፈራል።

ከራስ ደም ተጣርቶ መልሶ የሚወጋው መርፌ ዋጋው ውድ፣ ዝናው ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአውስትራሊያ የተካሄደ ጥናት ከጨው ውሃ መርፌ ጋር አስተያይቶ የተለየ ጥቅም አላገኘበትም፤ ጥናቱ ግን ያተኮረው ከመለስተኛ እስከ መካከለኛ ጉዳት ባላቸው ጉልበቶች ላይ ነበር። እዚያ ያልሠራ ነገር ጨርሶ በተጎዳ ጉልበት ላይ ይሠራል ብሎ መክፈል ለእኔ ገንዘብ መጣል ነው። ዲያስፖራው በሻንጣ የሚያመጣው የግሉኮሳሚን እንክብልም ለከፋ ጉልበት ያለው ፋይዳ ከዚህ አይሻልም። ጉዳት ስለሌለው ልጆቹን ለማስደሰት የሚውጡት ወላጆች ግን አሉ፤ እነሱን የሚወቅስ የለም።

የሂዩስተን ታካሚዎች

በካሜራ ገብቶ ጉልበትን "ማጠብ" ለረጅም ጊዜ የተለመደ ሕክምና ነበር። ብሩስ ሞስሊ የተባለ የቴክሳስ አጥንት ሐኪም ነገሩ በርግጥ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ደፋር ሙከራ አደረገ። በሂዩስተን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል 180 ታካሚዎች ፈቅደው ገቡ። አንዳንዶቹ ጉልበታቸው ታጠበ፣ አንዳንዶቹ ውስጡ ተጠርጎ ተስተካከለላቸው። የቀሩት ቆዳቸው ላይ ትንንሽ ቁስል ብቻ ተደርጎ፣ ሐኪሙ መሣሪያ እየጠየቀ፣ ውሃ እየተንቦራጨቀ፣ ልክ የተሠራላቸው በሚመስል ሁኔታ ምንም ሳይነካ ተሰፋ። ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ሲወጣ ሦስቱም ቡድኖች እኩል ነበሩ፤ የውሸቱ ቀዶ ሕክምና የእውነተኛውን ያህል "ሠርቷል"።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በዕድሜ ለተጎዳ ጉልበት ይህ ሕክምና እንዳይሠራ አጥብቆ መከረ። ያም ሆኖ ዛሬም በየአገሩ ይሠራል። ጉልበቱ በድንገት ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው ወይም ወጣት ሆኖ በአደጋ የተጎዳ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። አራተኛ ደረጃ ፊልም ለያዘ ሰው ግን "በካሜራ አጥበን እናየዋለን" የሚል ምክር ከመጣ ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ ነውር የለውም።

ማንም የማይፈልገው ሕክምና

ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ። ሁለት አልጋ፣ የማይሄድ ብስክሌት፣ ባለ ሁለት እርከን የእንጨት ደረጃ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የላስቲክ ገመዶች። ክፍሉ ከአጥንት ሐኪሙ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ጭር ያለ ነው። ባለሙያዋ አንድ ጡረተኛ አስተማሪን ከወንበር አስነስታ ታስቀምጣለች። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ከዚያም በባሰ ቀስታ ይቀመጣሉ። አምስተኛው ላይ ጭናቸው ይንቀጠቀጣል። ሕክምናው ይሄ ነው፤ ሰውየውም ፊታቸው ላይ "ለዚህ ነው የመጣሁት?" የሚል ጥያቄ ይነበባል።

የጭን የፊት ጡንቻ ሲጠነክር በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ መገጣጠሚያው የሚሄደውን ጫና ይቀበላል። ያመመው ሰው መንቀሳቀስ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይሳሳል፣ ጉልበቱ የባሰ ያምማል፣ ስለዚህ የባሰ ይቀመጣል። ልምምዱ ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ሲጀመር ያምማል፤ ባለሙያዎች ለታካሚ የሚሰጡት መለኪያ ግን ቀላል ነው። ሕመሙ በማግስቱ ወደ ወትሮው ከተመለሰ ጉልበቱ አልተጎዳም፣ ይቀጥሉ። ካልተመለሰ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ።

ዴንማርክ ውስጥ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አገር አቀፍ ፕሮግራም ሆኖ ይሰጣል። እዚያው አገር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ ለጉልበት ቅየራ ብቁ ናቸው የተባሉ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ጉልበታቸው ተቀይሮ ልምምድ ጀመሩ፤ ግማሾቹ ሳይቀየርላቸው ልምምድ፣ ክብደት መቀነስ፣ የጫማ ማስተካከያና ማስታገሻ ብቻ ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ የተቀየረላቸው በግልጽ የተሻለ ፋታ አገኙ፤ ይህ መካድ የለበትም። ካልተቀየረላቸው ውስጥ ግን በዚያ ዓመት ቀዶ ሕክምናውን የጠየቀው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውም በቀዶ ሕክምናው በኩል ይበዙ ነበር።

ስለ ክብደት ማውራት ሐኪሙንም ታካሚውንም ያሳፍራል፤ ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ሊታለፍ አይገባውም። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንስለታል፤ ይህን ያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የወጣው። እጅግ ወፍራም ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው አዲሱ የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ሴማግሉታይድ፣ ከክብደቱ ጋር የጉልበት ሕመምንም በብዙ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2024 ታይቷል። በነገራችን ላይ "እጾማለሁ እኮ" የሚለው መልስ ሐኪም ቤት በየቀኑ ይሰማል። ጾሙ ለነፍስ ነው፤ ሽሮው ላይ የሚፈስሰው ዘይትና ከቡና ጋር የሚቀርበው ዳቦ ግን ክብደት ሲጨምሩ የጾም ቀን መሆኑን አያውቁም።

መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሲሚንቶ

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሌሊቱ እንቅልፍ አልባ፣ ቀኑ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ ሲሆን የጉልበት ቅየራ ተራው ይደርሳል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የሚባል የበርሊን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 በሳንባ ነቀርሳ ጀርም ለተበላ ጉልበት ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ አስገባ። ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን አበላሸበት። ዘመናዊው ጉልበት የመጣው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ ፍራንክ ጋንስተን የተባለ ካናዳዊ እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዝ አገር ብረትና ፕላስቲክን በሲሚንቶ አያይዞ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ የዛሬዎቹ ሁሉ አባት የሆነው ንድፍ ተተከለ።

"ጉልበት መቀየር" ሲባል ብዙ ሰው እግሩ ከጉልበቱ ላይ ተቆርጦ የሚቀጠል ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በወገቡ ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ከመጋረጃ ወዲህ ሆኖ ድምፁን እየሰማ ነው የሚሠራለት። ሐኪሙ ሎሚውን ወደ ጎን ያደርግና ያለቀውን የአጥንት ጫፍ በመለኪያ ብረት እየተመራ በመጋዝ ይልጠዋል። የሚነሳው ውፍረት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የመሞከሪያ ጉልበት ይገባል፤ እግሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። ጅማቱ ካልተስተካከለ ወፍራም ወይም ቀጭን ፕላስቲክ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ የሚወስደውና ጥሩ ሐኪምን ከሌላው የሚለየው ይህ ክፍል ነው። ከዚያ ሲሚንቶው ይቦካል፤ ክፍሉን የሚሞላ ስል ሽታ አለው። ገና ልስልስ ሳለ ይቀባል፣ ከኮባልትና ክሮም ቅይጥ የተሠራው የላይኛው ቆብና የታችኛው ሰሃን በመዶሻ ይገባሉ። ሲሚንቶው እየጋለ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። በብረቶቹ መካከል ፕላስቲኩ ይቀመጣል። ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት።

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ታካሚው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ይከብዳሉ። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋና እንዲታጠፍ በየቀኑ መታገል አለ፤ "ይረፍ" ብሎ ትራስ ከጉልበቱ ሥር የሚያስገባ አዛኝ ቤተሰብ ጉልበቱን ታጥፎ ያስቀረዋል። ጠባሳው አጠገብ የሚደነዝዝ ቦታ ይቀራል፣ ሲራመዱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይኖራል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፍተሻው ይጮሃል። ኢንፌክሽን የሚገባባቸው ከመቶ አንድ ሁለት ያህል ናቸው፤ የገባበት ግን ብዙ ይሠቃያል። ለዚህ ነው ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ጥርሱ የሚመግል፣ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው መጀመሪያ እሱን እንዲያስጨርስ የሚላከው። የደም መርጋትን ለመከላከልም መድኃኒት ይሰጣል፣ ቶሎ ቶሎ መንቀሳቀስም ይታዘዛል።

ዘላቂነቱ ግን ከሚታሰበው ይልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ አሥር ጉልበቶች ስምንቱ ከ25 ዓመት በኋላም በቦታቸው ናቸው። "ከ15 ዓመት በላይ አይቆይም" የሚለው ያረጀ ወሬ ነው።

ያልተነገረው ጥያቄ

ታዲያ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል በአዲሱ ጉልበቱ የማይረካው ለምንድን ነው? አንዳንዱ ሕመሙ አልለቀቀውም። አንዳንዱ ግን ሕመሙ ለቆት ያሰበውን ማድረግ አልቻለም፤ በእኛ አገር ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አዲሱ ጉልበት ባማካይ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። ለደረጃ፣ ለወንበር፣ ለታክሲ፣ ለእግር መንገድ ይበቃል። ተረከዝ ላይ ቁጭ ለማለት፣ ቁጢጥ ብሎ ለመጸዳዳት፣ ከዱካ ላይ ሆኖ ቡና ለማፍላት ግን አይበቃም። መንበርከክ ጉልበቱን አይሰብርም፤ ነገር ግን ጠባሳው ይቆጣል፣ ብዙ ሰውም አያደርገውም። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የተጻፈው የታካሚ መመሪያ ስለ ጎልፍና ስለ አትክልት ሥራ ያወራል። የስቅለት ዕለት መስገድ ስለምትፈልግ እናት፣ ሱጁድ ወርደው በተሸሁድ ስለሚቀመጡ ሐጂ፣ ሽንት ቤቱ የመሬት ስለሆነ ቤት ምንም አይልም።

> አዲሱ ጉልበት ደረጃ ያወጣል፤ ዱካ ላይ አያስቀምጥም።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ "ያምምዎታል?" ብቻ መሆን የለበትም። "ጉልበትዎን ለምን ለምን ይፈልጉታል?" ነው። መልሱ "ሌሊት ልተኛ፣ ታክሲ ልያዝ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ ልገኝ" ከሆነ ቅየራው የሰጡትን ያህል ይመልሳል። "መሬት ስሜ ልነሣ" ከሆነ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ካህናትም ሆኑ የመስጊድ አሰጋጆች እንደሚሉት በሽተኛ ተቀምጦ ቢጸልይ፣ ወንበር ላይ ሆኖ ቢሰግድ ምንም የለበትም። ይህን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ ሲሰግድ ብቻውን ተቀምጦ መቅረት ሌላ ነው። የሽንት ቤት መቀመጫ ማስገጠም፣ አልጋውን ከፍ ማድረግ፣ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ከቅየራው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

ዕድሜው ገና የሆነ፣ የጉልበቱ አንድ ጎን ብቻ ያለቀና እግሩ የጎበጠ ሠራተኛ ሌላ በር አለው። የቅልጥም አጥንቱ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ይቀናል፣ በብረት ሰሌዳና በብሎን ይታሰራል። ሸክሙ ከተጎዳው ጎን ወደ ደህናው ይዛወራል፤ የራሱ ጉልበት ስለሚቀርለት ቁጢጥ ማለትም መንበርከክም ይችላል። ዘላለማዊ አይደለም፤ ለብዙዎች ግን ቅየራውን ዓሥር ዓመት ገደማ ይገፋላቸዋል። ብረቱም ለስብራት ከሚገባው ብዙ ስለማይለይ ሙሉ ጉልበት የሚጠይቀውን ወጪ አይጠይቅም። እንደሚገባው አለመወራቱ ይገርመኛል።

ቨርጂኒያ፣ ባንኮክ ወይስ እዚሁ?

ሰው ሠራሹ ጉልበት አገር ውስጥ አይመረትም፤ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ፣ ሥራው በሆስፒታሎቻችን ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ የቤት መሸጥ ያህል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቤተሰብ ጉባኤ ይሆናል። በስልክ ቡድኑ ውስጥ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያሉት ልጆች "እኛ ጋ ይምጡ" ይላሉ። እዚያ መኖሪያ ፈቃድና ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ያላቸው ወላጆች ጠዋት ገብተው ማታ ቤታቸው ያድራሉ። ቪዛ ብቻ ያላቸው ግን ሒሳቡን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ሌላው ልጅ ባንኮክን ወይም ዴልሂን ያነሣል። አዲስ አበባ ያለችውና ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው ልጅ ደግሞ ማንም ያላነሣውን ታነሣለች፤ ከተመለሱ በኋላስ ማን ይከታተላቸዋል?

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወዲያው ረጅም በረራ ማድረግ የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራል፤ ሳምንታት እዚያ መቆየት ያስፈልጋል፣ ሆቴሉም ቀለቡም ይቆጠራል። ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ ቢላላ ወይም ቢያመረቅዝ የሚከፍተው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው የገባው የየትኛው ኩባንያ ምርት፣ ስንት ቁጥር እንደሆነ ነው። ይህ መረጃ ከእያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ክፍል ጋር በሚመጣ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ይለጥፈዋል። ታካሚው ግልባጩን ጠይቆ ከመታወቂያው ጋር ማስቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይመለሳል፤ በኋላም አገር ለአገር ስልክ ይደወላል።

በአንድ ጉልበቷ የረካች እናት ስለ ሁለተኛው ስትጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም። ቁስሉ ሳይጠግግ ሁለተኛውን ቀጠሮ የሚይዙ አሉ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት አስታውሰው "ይኼኛውን በከዘራ እይዘዋለሁ" የሚሉም አሉ። ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ለሁለቱም የሚሰጠው የልምምድ ወረቀት አንድ ነው፤ ከወንበር መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።